ቁጥሩ ወረደ፤ ዋጋውስ?

ከመካከላችን የአንዷ እናት የአስቤዛ ደብተር አላቸው። ሽፋኑ ከተላጠ ቆይቷል፤ ጠርዙ ላይ የዘይትና የበርበሬ ምልክት አለበት። በግራ በኩል የዕቃው ስም፣ በቀኝ በኩል የተከፈለው ብር፣ ከታች ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ የሚሰመርበት ድምር። አንድ ማታ እዚያ ቤት ቡና ተፈልቶ ተሰብስበን ሳለ ቴሌቪዥኑ "የዋጋ ግሽበቱ ቀንሷል" አለ። እማማ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ደብተሩን ገለጡ፣ ያለፈውን ዓመትና የዘንድሮውን ገጽ አስተያዩ። ከዚያ "የት ሱቅ ነው የቀነሰው? ስሙን ንገሩኝና ነገ በጠዋት ልሂድ" አሉ።

ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ ግን ክርክር ተነሳ። ግማሾቻችን "ቁጥሩ ውሸት ነው" አልን። የቀረነው ደግሞ "ቁጥሩ ልክ ነው፣ እማማ ናቸው ያልገባቸው" ብለን ድርቅ አልን። ከአቦል እስከ በረካ ስንጨቃጨቅ አመሸን።

ይህ ጽሑፍ የዚያ ጭቅጭቅ ውጤት ነው። የደረስንበትን ከወዲሁ እንናገር፦ ቁጥሩም እማማም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ችግሩ ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ማውራታቸው ነው። ይህ አለመግባባት ደግሞ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ላለፉት 60 ዓመታት ገደማ በየዘመኑ አንድ ቁጥር ወደ ቤታችን ገብቷል፤ አንዳንዴ በበሩ አንኳኩቶ፣ አንዳንዴ በመስኮት ዘሎ። ታሪኩን እንከተለው። (ካልገለጽን በቀር ዓመተ ምሕረቱ በእኛ አቆጣጠር ነው።)

የማን ቅርጫት?

የዋጋ ግሽበት የሚባለው ቁጥር የሚሠራው ከቅርጫት ነው። የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት አንድ ቤተሰብ በተለምዶ የሚገዛቸውን ነገሮች ይዘረዝራል፦ ጤፍ፣ ሽንኩርት፣ ዘይት፣ ከሰል፣ ሳሙና፣ የቤት ኪራይ፣ ትራንስፖርት። ለእያንዳንዱ ከቤተሰቡ ወጪ የሚይዘውን ድርሻ ይሰጠዋል። ከዚያ ሠራተኞቹ በየወሩ ገበያ ወጥተው ዋጋ ይጠይቃሉ። የዘንድሮው ቅርጫት ከአምናው በስንት እንደጨመረ ሲሰላ በዜና የምንሰማው በመቶኛ ይወጣል።

እኛ አገር ይህ ሥራ የተጀመረው በንጉሡ ዘመን ነው። የአዲስ አበባን የችርቻሮ ዋጋ የሚከታተለው መለኪያ መነሻ ዓመቱ እንደ ፈረንጆቹ 1963 ነበር። ያኔ "የአገር ዋጋ" ማለት በአብዛኛው የአዲስ አበባ ዋጋ ነበር። ቅርጫቱ መላ አገሪቱን እስኪያዳርስ ብዙ ዓመት ፈጅቷል።

ዛሬም በአገር አቀፉ ቅርጫት ውስጥ ምግብ ከግማሽ በላይ ድርሻ አለው። ይህ አማካይ ነው። አማካይ ደግሞ ማንም ቤት ውስጥ አይኖርም። ገቢው ዝቅ ያለ ቤተሰብ ከሚያወጣው ውስጥ የምግቡ ድርሻ ከዚያ ይበልጣል፤ ጤፍ ሲወደድ የእርሱ ግሽበት በዜና ከተነገረው በላይ ነው። ኮንዶሚኒየም ተከራይቶ የሚኖር ወጣት ደግሞ የደመወዙን ትልቁን ቁራጭ የሚወስደው አከራዩ ነው። አከራዩ ኪራይ የጨመረ ወር የሽንኩርት መርከስ ምን ያደርግለታል? የራሱ ቤት ያለው ጎረቤቱ ግን ያንን ጭማሪ አያውቀውም። አንድ ከተማ፣ አንድ ወር፣ አንድ ቁጥር፤ ቅርጫቱ ግን ሦስት።

ቤንዚኑ የቀሰቀሰው ወር

የዓለም ገበያ ቁጥር እንዴት መንገድ ላይ እንደሚወጣ ለማየት የ1966 ዓ.ም የካቲት ትልቅ ምሳሌ ነው። በዚያ ዓመት መጀመሪያ በመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት ተነሳ፤ ነዳጅ አምራች አገሮች ዋጋ ሰቀሉ። የንጉሡ መንግሥት የውጭውን ጭማሪ ወደ ቤንዚን ማደያው አወረደው። የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች በወደደ ቤንዚን በድሮው ታሪፍ መሥራት አልቻሉምና የካቲት 11 ቀን ሥራ አቆሙ። በዚያው ቀን መምህራን በደመወዝና በትምህርት ፖሊሲ ጉዳይ አድማ መቱ።

መንግሥት ሲጨንቀው የቤንዚኑን ዋጋ መልሶ ዝቅ አደረገ። የወታደሩም ደመወዝ ተጨመረ። በየካቲት መጨረሻ ደግሞ የሠራተኛ ማኅበራቱ አጠቃላይ አድማ አስከተሉ። አብዮቱን ቤንዚን ብቻውን አላመጣውም፤ የመሬት ጥያቄ ነበረ፣ የወሎ ረሃብ ነበረ። ቢሆንም ለዓመታት በልብ የተያዘውን ብሶት አደባባይ ያወጣው ሰበብ የኪስ ጉዳይ ነበር። ከሩቅ አገር የመጣ አንድ ዋጋ በጥቂት ወር ውስጥ የታክሲ ሒሳብ ሆነ።

ዋጋው ቆሞ ሰልፉ ሲረዝም

ደርግ ከዚህ የተማረው ትምህርት ግልጽ ይመስላል፦ ዋጋ ሕዝብ ካስነሳ ዋጋውን አስረህ አስቀምጠው። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ተቋቁሞ ከገበሬው በተቆረጠ ዋጋ እህል መግዛት ጀመረ። ከተማ ውስጥ የቀበሌ ሱቆች ተከፈቱ። ስኳር፣ ጤፍ፣ ዘይት፣ ሳሙና በራሽን ሆነ። ወላጆቻችንን ጠይቁ፤ የቀበሌ ሱቅ ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚላቸው ዋጋው አይደለም፣ ሰልፉ ነው። ሌሊት ተነስቶ ወረፋ መያዝ፣ ድንጋይ አስቀምጦ ቦታ ማስጠበቅ፣ ተራ ሲደርስ "አልቋል" መባል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። በመዝገብ ላይ የስኳር ዋጋ አልጨመረም። ቤተሰቡ ግን ከብር ሌላ ጊዜ እየከፈለ ነበር። ራሽኑ ሲያልቅ ደግሞ ወደ "ነጻው" ገበያ ሄዶ ብዙ እጥፍ ይከፍላል። ልዩነቱን የሚሸከም ሌላም ሰው ነበር፤ እህሉን ከገበያው በታች ለመሸጥ የሚገደደው ገበሬ። የታሰረ ዋጋ ከኢኮኖሚው አይጠፋም፤ ወደ ሰልፍና ወደ ሌላ ሰው ትከሻ ይዛወራል። የኮታው ሥርዓት የተነሳው በ1982 ዓ.ም መንግሥቱ ኃይለማርያም ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲያውጁ ነው።

ሌላም የታሰረ ዋጋ ነበር፤ ዶላር። ከ1965 ዓ.ም ጀምሮ አንድ ዶላር 2 ብር ከ7 ሳንቲም ነበር፤ ለ20 ዓመት ገደማ አልተነቃነቀም። በጓሮ ገበያ ግን ከእጥፍ በላይ ይሸጥ ነበር።

2 ከ7 ሲሞት

በ1985 ዓ.ም መጀመሪያ የሽግግር መንግሥቱ ብርን ከ2 ከ7 ወደ 5 ብር አወረደው። በአንድ ጊዜ ዶላር ከእጥፍ በላይ ተወደደ ማለት ነው። ዋጋ እጥፍ ሆነ? አልሆነም። በሚቀጥለው ዓመት የተመዘገበው ግሽበት ከ10 በመቶ በታች ነበር። ለምን? አንደኛ፣ ነጋዴው ዕቃውን ቀድሞም የሚተምነው በጓሮው ዋጋ ነበር፤ በባንክ ምንዛሪ ዶላር ያገኘው ጥቂት ሰው ነው። ሁለተኛ፣ ጦርነቱ ቆሞ መንገድ ተከፍቷል፣ የውጭ እርዳታና ብድርም እየገባ ነበር። ይህን ምሳሌ ያዙልን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ከዚያ በማንም ቤት ብዙ የማይወራ ዓመት መጣ፤ 1994። ቀደም ባሉት ሁለት ዓመታት ዝናቡ ጥሩ ነበር፣ በቆሎው በጎተራ ሞላ። እህል ረከሰ። እንደ ፈረንጆቹ በ2001 የግሽበቱ ቁጥር ከዜሮ በታች ወረደ። የከተማ እናት ደብተር ላይ ይህ የደስታ ገጽ ነው። ገጠር ውስጥ ግን ለማዳበሪያ ተበድሮ የዘራው ገበሬ በቆሎውን ሸጦ ዕዳውን መክፈል አቃተው። አንዳንዱ በሬውን ሸጠ። በሚቀጥለው ክረምት ማዳበሪያ ለመግዛት አቅም ያጣ ብዙ ነበር፤ ዝናቡም ከዳ። በ1995 እርዳታ የሚያስፈልገው ሰው ቁጥር ከ13 ሚሊዮን አለፈ።

እኛ ከተሜዎች "ዋጋ ይውረድ" ስንል የማን ዋጋ እንደሆነ አንጠይቅም። የጤፍ ዋጋ ለእኛ ወጪ ነው፤ ለሌላው ደመወዝ ነው።

የሚሊኒየሙ ዓመት ሁለት ቁጥሮች

መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም ርችት ተተኩሶ አዲሱን ሺህ ዓመት ተቀበልን። ብዙዎቻችን ያኔ ተማሪዎች ነበርን። መንግሥት ኢኮኖሚው በሁለት አኃዝ እያደገ መሆኑን በየዜናው ያውጅ ነበር። በዚያው ዓመት ክረምት ሌላ ቁጥር ብቅ አለ፦ በሐምሌ ወር የዋጋ ግሽበት ከ60 በመቶ በላይ ሆነ። እንደ ፈረንጆቹ የ2008 አማካዩ 44 በመቶ ገደማ ነው።

የቤት ውስጥ ክርክሩም የተጀመረው ያኔ ይመስለናል። "አድገናል" የሚለውና "መኖር አቃተን" የሚለው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። ሁለቱም ማስረጃ ነበራቸው። ጂዲፒ የሚለካው አገሪቱ በዓመት ያመረተችውን ሁሉ ነው፤ መንገዱ፣ ግድቡ፣ ሕንጻው ሁሉ ይገባበታል። ማን እንዳገኘው ግን አይናገርም። ሲሚንቶ ነጋዴውና ጡረተኛው በአንድ ድምር ውስጥ ናቸው። ጡረተኛው ግን የሚያውቀው በየወሩ የሚቀበላት ብር ያው መሆኗንና ዘንቢሏ እየቀለለች መሄዷን ነው።

ምክንያቱ ብዙ ነበር። በዓለም ገበያ ነዳጅና እህል ተወዶ ነበር። አገር ውስጥም መንግሥት ለልማት ብዙ ገንዘብ ያወጣ ነበር፤ ባንኮችም ያበድሩ ነበር። ገበያ ውስጥ የሚዞረው ብር ከሚቀርበው ዕቃ ቀድሞ ሮጠ።

ከሁሉ በላይ የተጎዳው ግን የቆጠበው ነው። ያኔ ባንክ ለቁጠባ የሚከፍለው ዝቅተኛ ወለድ 4 በመቶ ነበር። 100 ብር ያስቀመጠ ሰው ከዓመት በኋላ 104 ብር ያገኛል። ዋጋ በ44 በመቶ ከጨመረ ግን ያ 104 ብር የሚገዛው አምና 72 ብር ይገዛ የነበረውን ነው። ማንም ኪሱ አልገባም፣ ደብተሩ ላይ ያለው ቁጥርም አድጓል። 28 ብሩ ግን ሄዷል። ይህን ሌብነት ማንም ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ አያመለክትም።

ከዚያ 2003 መጣ። ነሐሴ 2002 ላይ ብር ከዶላር አንጻር በ17 በመቶ ገደማ ወርዶ ነበር። ዋጋ እንደገና ሲነሳ መንግሥት በታኅሣሥ መጨረሻ ዘይት፣ ስኳር፣ ሥጋ፣ ዳቦ የመሳሰሉትን በዋጋ ተመን አሰረ። ተመኑ በወጣ ሰሞን ሰው ደስ አለው። ጥቂት ቆይቶ ዘይትና ስኳር ከመደርደሪያ ጠፋ፤ ሰልፉም ተመለሰ። ወላጆቻችን ፊልሙን ቀድመው አይተውት ስለነበር አልገረማቸውም። ተመኑ ከጥቂት ወራት በኋላ ለአብዛኞቹ ዕቃዎች ተነሳ። ክረምቱ ላይ ግሽበቱ 40 በመቶ ደረሰ።

ዶላር ጤፍ አይበላ፣ ጤፉ ለምን ይወደዳል?

ይህን ጥያቄ በየታክሲው እንሰማዋለን። ጤፍ እዚሁ ይበቅላል፣ እዚሁ ይበላል፤ ታዲያ ዶላር ሲጨምር ለምን ይጨምራል? መልሱ ከጤፉ ጋር በሚጓዙት ነገሮች ውስጥ ነው። ማዳበሪያው ከውጭ ይገባል። የጫነው መኪና ናፍጣ፣ ጎማና መለዋወጫ በዶላር ነው። ገበሬው ጤፉን ሸጦ የሚገዛው ዘይት፣ ሳሙናና ጨርቅ ሲወደድበት እርሱም ዋጋውን ያስተካክላል። እንግዲህ ጤፉ ራሱ ድንበር ባይሻገርም ዋጋው ይሻገራል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪውን ዋጋ ለገበያ ለቀቀው። ዋዜማው ላይ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ያኔ ስለ 1985 ያነሳነው ነገር ተመለሰ። ባለሥልጣናቱ "አብዛኛው ዕቃ ቀድሞም በጓሮው ዋጋ ነው የሚሸጠው፣ ስለዚህ ዋጋ እንደ ምንዛሪው አይሰቀልም" አሉ። በአንድ በኩል እውነት ነበር፤ ግሽበቱ በዶላሩ ልክ እጥፍ አልሆነም። ቀድሞ በመንግሥት ምንዛሪ ይገባ የነበረው ነዳጅና መድኃኒት ግን የድሮውን ዋጋ ይዞ ሊቀጥል አይችልም ነበር። ያ ጭማሪ ቀስ እያለ በየወሩ መጣ።

በ2014 እና በ2015 ከ30 በመቶ በላይ የነበረው ዓመታዊ ግሽበት በ2017 መጨረሻ 14 በመቶ ገደማ ሆነ። የዚያ ማታው ጭቅጭቅ የተነሳውም በእንዲህ ዓይነቱ ዜና ነው።

አሁን እማማን እንመልስላቸው። አንድ ዕቃ 100 ብር ነበር እንበል። በመጀመሪያው ዓመት ግሽበቱ 30 በመቶ ሆነ፤ ዕቃው 130 ገባ። በሁለተኛው ዓመት ግሽበቱ "ቀንሶ" 14 በመቶ ሆነ፤ ዕቃው 148 ገባ። ቁጥሩ በግማሽ ወርዷል፣ ዋጋው ግን 18 ብር ጨምሯል። ግሽበት ፍጥነት ነው። መኪናው ፍጥነት ቀነሰ ማለት ወደ ኋላ ተመለሰ ማለት አይደለም። ዜናው ስለ ፍጥነቱ አወራ፣ እማማ የጠየቁት መኪናው የደረሰበትን ቦታ ነው።

የማይጮሁት ቁጥሮች

በየቤቱ ስለ ጤፍና ዘይት እንጮሃለን። ሌሎች ድምፅ ሳያሰሙ የሚሠሩ ቁጥሮች አሉ።

አንዱ የደመወዝ ግብር ነው። በ1994ቱ አዋጅ ከግብር ነጻ የሆነው የወር ደመወዝ 150 ብር ነበር። በ2008 ወደ 600 ብር ከፍ አለ፤ ከፍተኛው 35 በመቶ ደግሞ ከ10 ሺህ 900 ብር በላይ ባለው ላይ ሆነ። ያኔ 10 ሺህ 900 ብር 500 ዶላር ገደማ ነበር፤ ባለ ትልቅ ደመወዝ ማለት ነው። በ2017 መጨረሻ ያው ብር 80 ዶላር ገደማ ሆኖ ነበር። ሠራተኛው ኑሮው ሳይሻሻል፣ ደመወዙ ዋጋን ለመከተል ብቻ እየጨመረ፣ ለሀብታም ወደተሠራው መደብ ገባ። መስመሩ የተነሳው በ2017ቱ ማሻሻያ ነው፤ ከግብር ነጻው 2 ሺህ ብር፣ የ35 በመቶው መነሻ ደግሞ 14 ሺህ ብር ሆነ። በመሃል ያለፉት 9 ዓመታት ግን ማንም ግብር ጨመርኩ ሳይል ግብር የጨመረባቸው ዓመታት ናቸው።

ሌላው የባንክ ወለድ ነው። በ2010 ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ሆነ። ከላይ ባለው ምሳሌያችን ዕቃው ከ100 ወደ 148 ሲሄድ ባንክ ያስቀመጥነው 100 ብር 114 ብር ተኩል ገደማ ይሆናል። ለትዳር፣ ለኮንዶሚኒየም ቅድሚያ ክፍያ፣ ለልጅ ትምህርት ያስቀመጠ ሰው ሒሳቡ ይህ ነው።

ሦስተኛው ዕቁባችን ነው። አስራ ሁለት ሆነን በወር አንድ አንድ ሺህ ብር ብንጥል ሁሉም ተራው ሲደርስ 12 ሺህ ብር ያነሳል። እኩል ነው? ግሽበቱ በዓመት 30 በመቶ ከሆነ መጨረሻ ያነሳው ሰው በመጀመሪያው ወር ዋጋ ሲታይ 9 ሺህ 400 ብር ገደማ ነው ያገኘው። የመጀመሪያው ዕጣ የወጣለት ግን ሙሉውን። በደህና ጊዜ የዕጣ ተራ የዕድል ጨዋታ ነበር፤ በግሽበት ጊዜ የገንዘብ ልዩነት ሆነ። አንዳንድ ዕቁቦች ለቸገረው አባል ቅድሚያ መስጠታቸው ደግነት ብቻ ሳይሆን ሒሳብም ነው።

ደብተሩ ምን ይጠቅማል?

ከዚህ ሁሉ በኋላ "ቁጥር አያስፈልግም" የሚል ድምዳሜ ላይ አልደረስንም። ቁጥር በሌለበት ዘመን የሚጮኸው ጉልበት ያለው ብቻ ነው። የቀበሌው ሰልፍ ያስተማረን አንድ ነገር ቢኖር ቁጥሩ ጸጥ ሲል ችግሩ ጸጥ እንደማይል ነው። የምንፈልገው ቁጥሩን ጥያቄ እያነሳን መስማት ነው። ቁጥሩ የማን ቅርጫት ነው? ፍጥነቱን ነው ወይስ የደረስንበትን ቦታ የሚነግረን? ደመወዛችንና ቁጠባችን በዚያው ጊዜ ውስጥ ስንት ሄዱ? ለእኛ የረከሰው በማን ትከሻ ላይ ነው?

ባለፈው ሰሞን ሒሳቡን በወረቀት ጽፈን ለእማማ አሳየናቸው። መቶው፣ መቶ ሠላሳው፣ መቶ አርባ ስምንቱ። መነጽራቸውን አድርገው ቀስ ብለው አነበቡትና "እንዲህ ብለው ቢነግሩንስ ምን ነበረበት?" አሉ። ከዚያ ደብተሩን ከመሳቢያ አወጡ። ከሁለቱ ዓምዶች ጎን ሦስተኛ መስመር አሰመሩና ከላይ "አምና" ብለው ጻፉ።

እናንተስ ቤት ደብተር አለ? ካለ አትጣሉት።